ፋይል ሲከፈትና ሲቀመጥ ዳታው እንዳይለወጥ

በመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ከሐረርም ከድሬዳዋም የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሪግሬሽኑ የማይሆን ቁጥር አወጣብኝ።» ፋይሉ ሲታይ ሪግሬሽኑ ጥፋት የለበትም። ዳታው ገና ከኤክሴል ወደ ስታታ (ወደ ስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) ሲገባ፣ ወይም ከስታታ ወጥቶ ወደ ሌላው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር፣ ወደ አር፣ ሲሄድ ተለውጧል። ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ የሚቆም ትዕዛዝ ችግሩን ራሱ ይናገራል። የሚያሳዝነው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው፤ ሰንጠረዡ ይወጣል፣ አማካዩ ይወጣል፣ ተጽፎ ለአማካሪ ይቀርባል፣ በፀሐይ ቤት ለቤት ተዞሮ የተሰበሰበው መልስ ግን ሌላ ነገር ሆኗል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ትንተና አይደለም፤ ፋይል ስለሚከፍቱና ስለሚያስቀምጡ ትዕዛዞች ብቻ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የስታታ ናቸው፤ ሌላው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ኤስፒኤስኤስ ወይም አር የሚለይበት ቦታ ላይ እጠቅሳለሁ። ትዕዛዞቹን በአጠራራቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ ስታታ ላይ ስትተይቧቸው ግን በላቲን ትናንሽ ፊደላት ነው። በትልቅ ፊደል ብትጽፉለት አያውቃቸውም።

ጥሬውን ፋይል አትንኩት

ከታብሌት ወይም ከመረጃ አስገቢው የመጣውን ፋይል ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡና ከፕሮፐርቲስ ገብታችሁ ሪድ ኦንሊ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ፎልደር የሚጽፍ አንድም ትዕዛዝ አይኑር። የተለመደው ጥፋት እንዲህ ነው የሚፈጠረው፦ «ኪፕ ኢፍ» ተብሎ የሐረር ቤተሰቦች ብቻ እንዲቀሩ ይደረጋል፣ ቀጥሎ «ሴቭ» ሲባል ስታታ «ፋይሉ አስቀድሞ አለ» ብሎ ይከለክላል፣ ሰውየው «ሪፕሌስ» የምትለዋን ቃል ጨምሮ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት የድሬዳዋ ቤተሰቦች በሙሉ ከፋይሉ ወጡ። ሌላ ኮፒ ከሌለ መመለሻ የለውም።

በየደረጃው አዲስ ስም ስጡ፦ በ01 የሚጀምረው እንደገባ ያለው፣ በ02 የሚጀምረው የጸዳው፣ በ03 የሚጀምረው የተዋሃደው። እንዲህ ካደረጋችሁ «ሪፕሌስ» የምታጠፋው ዱ ፋይላችሁ (ትዕዛዞቻችሁ በተራ የተጻፉበት ፋይል) ራሱ የሠራውን ፋይል ብቻ ስለሆነ ከላይ ጀምራችሁ መቶ ጊዜ ብታስኬዱት ጉዳት የለውም። ዱ ፋይል መጻፉ ለመብራት መጥፋትም መድኃኒት ነው። ስታታ የተከፈተውን ዳታ የሚይዘው ራም ላይ ነው፤ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ መብራት ከጠፋ ያልተቀመጠው ለውጥ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ዱ ፋይሉ ዲስክ ላይ ካለ መብራቱ ሲመጣ በጥቂት ደቂቃ ያለፈው ሁሉ ይመለሳል። በሜኑ እየተነካካ የተሠራው ግን አይመለስም፣ ምን እንደተደረገም የሚያስታውስ የለም።

የፋይል አድራሻ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ፎልደሩ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ አድራሻውን በሙሉ በትምህርተ ጥቅስ ክበቡት። ሰረዙንም ወደ ፊት ያዘነበለውን ተጠቀሙ፤ ዊንዶውስ ላይ ስታታም አርም ይቀበሉታል። ወደ ኋላ ያዘነበለው አር ላይ ሌላ ትርጉም ስላለው ስህተት ያመጣል፣ ስታታም ላይ ከማክሮ በፊት ሲመጣ ማክሮውን ያበላሸዋል። ከፍላሽ ላይ በቀጥታ አትሥሩ፤ ፍላሹ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ የድራይቩ ፊደል ይለወጥና አንድም «ዩዝ» ፋይሉን አያገኘውም።

የግዕዝ ፊደል በሲኤስቪ ሲያልፍ

በአማርኛ የተሞላ መጠይቅ ከኤክሴል ወደ ሲኤስቪ (ኮለሞቹ በኮማ ወደሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሲለወጥ የሚደርሰው ጉዳት ሦስት መልክ አለው፣ ሦስቱም መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የጥያቄ ምልክት ነው። ኤክሴል ላይ «ሴቭ አዝ» ስትሉ ከሚመጡት ምርጫዎች መካከል ተራ ሲኤስቪ አለ፣ ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8 የሚባልም አለ። ተራውን ከመረጣችሁ ኤክሴል የግዕዝ ፊደል በሌለበት የዊንዶውስ የፊደል ሠንጠረዥ ይጽፋል፤ «ድሬዳዋ» የሚለው አራት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። «ሐረርጌ» የሚለውም አራት የጥያቄ ምልክት ይሆናል። እነዚህን ማንም ሶፍትዌር አይመልሳቸውም፣ ምክንያቱም ፋይሉ ላይ የተጻፈው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው። ወደ ኤክሴሉ ተመልሶ በዩቲኤፍ 8 እንደገና ማውጣት ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛው እንግዳ ምልክት ነው። አንዱ ፊደል ሦስት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ከመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ የተነበበበት መንገድ ነው የተሳሳተው። በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ሶፍትዌሩ ግን ባይቶቹን አንድ በአንድ እንደ ላቲን ፊደል አነበባቸው። «ኢምፖርት ዴሊሚትድ» ስትሉ «ኢንኮዲንግ» በሚለው አማራጭ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ጻፉለት፤ እንዲገምት አትተዉት። አር ላይም «ሪድ ሲኤስቪ» ውስጥ «ፋይል ኢንኮዲንግ» የሚለውን ሙሉ።

ሦስተኛው ባዶ ሳጥን ነው። እሱ የፎንት ጉዳይ ነው፣ ዳታው አልተነካም።

ስታታ የግዕዝ ፊደልን በአግባቡ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ቁጥር 14 ነው። 13ን ለሚጠቀም ሰው «ሴቭ ኦልድ» ብላችሁ ብትልኩለት ፋይሉ ይከፈትለታል፣ የአማርኛ ሌብሉ (ለየኮዱ የተሰጠው ስያሜ) ግን አይነበብለትም፤ ለእሱ ሌብሎቹን በላቲን ማዘጋጀት ይሻላል። ዊንዶውስ ላይ አር ዩቲኤፍ 8ን የራሱ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 4.2 ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው አር የቆየ ከሆነና በአማርኛ ፊደል ፈንታ በቅንፍ የታጠረ ኮድ ካሳያችሁ መጀመሪያ አሻሽሉት።

የባይቱ ነገር ሌላም መዘዝ አለው። ስታታ ላይ «ስትር ሌን» የሚለው ፈንክሽን «ድሬዳዋ»ን 12 ይለዋል፣ «ዩ ስትር ሌን» ግን 4 ይለዋል። «ሰብስትር» ተብሎ የመጀመሪያዎቹ 4 ቢቆረጡ የሚወጣው «ድ» እና የተሰበረ ቁራጭ ነው፤ ለአማርኛ «ዩ ሰብስትር»ን ተጠቀሙ። ኤስፒኤስኤስም የጽሑፍ ቫሪያብልን ስፋት በባይት ነው የሚቆጥረው። ስፋቱ 8 ከሆነ ሙሉ የሚገባው ሁለት ፊደል ብቻ ነው፣ የቀረው ይቆረጣል። የሰው ወይም የሰፈር ስም የሚገባበትን ቢያንስ 90 አድርጉት፣ 30 ፊደል ይበቃዋል።

ፊደሉ በደህና ገባ ማለት ግን ቃሉ አንድ ሆነ ማለት አይደለም። ለእኛ ሐረር፣ ሀረርና ኀረር አንድ ከተማ ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ከተማ ነው። ድሬዳዋ ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል፣ በመጨረሻ የማይታይ ክፍት ቦታ የተጨመረበትም አለ። ጀጎል ውስጥ የሚሠራ መጠይቅ «ለቤትዎ ቅርብ የሆነው በር የቱ ነው?» ቢል አንዱ ጠያቂ ኤረር በር፣ ሌላው አርጎብ በሪ ብሎ ይጽፋል፤ አንዱ ቡዳ በር፣ ሌላው በድሮ በሪ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አንዱ በአማርኛ ሌላው በሐረሪ ስሙ ነው የጠራው። ስለዚህ ፋይሉ እንደገባ «ታብ» በሉና እያንዳንዱን አጻጻፍ ተመልከቱ። «ስትር ትሪም» ዳርና ዳር ያለውን ክፍት ቦታ ያነሳል። የሐ፣ ሀ፣ ኀን፣ የሠና ሰን፣ የፀና ጸን፣ የዐና አን ልዩነት በ«ዩ ሰብ ኢን ስትር» ወደ አንዱ ጠቅልሉት፤ ይህን የምታደርጉት ግን በአዲስ ቫሪያብል ላይ ይሁን፣ የመጀመሪያው አጻጻፍ አይጥፋ። ከሁሉም የሚሻለው ገና መጠይቁ ሲሠራ በሮቹን ከ1 እስከ 5 ኮድ ሰጥቶ ማስመረጥ ነው።

ቁጥር የሚመስሉና ቁጥር ያልሆኑ

ድሬዳዋ ላይ ሰው ሰፈሩን ቀበሌ 02፣ ቀበሌ 05 ብሎ ይጠራል። ፋይሉ ሲነበብ ሶፍትዌሩ 02ን ቁጥር ነው ብሎ 2 ያደርገዋል። ብቻውን ሲሆን ምንም አይደለም፤ ሌላ ፋይል ውስጥ ቀበሌው «02» ተብሎ በጽሑፍ ከተቀመጠ ግን ሁለቱን ፋይሎች ለማዋሃድ «መርጅ» ስትሉ ስታታ ዓይነታቸው አይገጥምም ብሎ ይቆማል። ሰው ይህን ስህተት ለማምለጥ 2ን በችኮላ ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ያን ጊዜ ስታታ አይቆምም፣ «2» እና «02» ስላልተገናኙ ብቻ ቤተሰቦቹ ሳይዛመዱ ይቀራሉ። ስልክ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ 10 አሃዝ የነበረው የፊቱን ዜሮ ጥሎ 9 ይሆናል። መፍትሔው ሲነበብ ነው፦ «ኢምፖርት ዴሊሚትድ» ላይ «ስትሪንግ ኮልስ» በሚለው አማራጭ የኮለሞቹን ተራ ቁጥር ጻፉ፣ «ኢምፖርት ኤክሴል» ላይ «ኦል ስትሪንግ»፣ አር ላይ «ኮል ክላሲስ»። ኤክሴሉ ራሱ ዜሮውን አስቀድሞ ጥሎት ከሆነ ግን ስታታ ከየት ያመጣዋል? ሲኤስቪውን ኤክሴል ከፍቶ እንደገና ሴቭ ማድረግ ብቻውን ዜሮ ይጥላል፤ ለማየት ከፈለጋችሁ በኖትፓድ ክፈቱት።

አሁን የምናገረውን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፣ ብዙ «መርጅ» የተበላሸው በዚህ ነው። የቤተሰብ መለያ ቁጥር ከወረዳ፣ ከቀበሌና ከቤት ቁጥር ተገጣጥሞ 9 አሃዝ ሆነ እንበል። ስታታ ላይ በ«ጄኔሬት» ስትሠሩት ዓይነቱን ካልነገራችሁት «ፍሎት» ያደርገዋል። ፍሎት ሙሉ ቁጥርን አንድም ሳያሳስት የሚይዘው እስከ 16,777,216 ድረስ ነው። 123456789ን ፍሎት ውስጥ ብታስቀምጡ 123456792 ሆኖ ይቀመጣል። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ጎረቤታሞቹ 123456790ና 123456791ም ያው 123456792 ይሆናሉ፣ ሦስት ቤተሰብ አንድ መለያ ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ «ጄኔሬት ሎንግ» ወይም «ጄኔሬት ደብል» በሉ፤ ሎንግ እስከ 2,147,483,620 ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ደብል። መደመርና ማባዛት የማይደረግበትን መለያ ደግሞ በጽሑፍ መያዝ ከሁሉ ይሻላል። ሠርታችሁ ስትጨርሱ «ኢዝ አይዲ» በሉት፤ ሁለት ቤት አንድ መለያ ከያዘ ያኔውኑ ያስቆማችኋል።

በተቃራኒው፣ ቁጥር የሆነው ኮለም ጽሑፍ ሆኖ የሚገባበት ጊዜ አለ። 400 ረድፍ ውስጥ አንዱ ላይ «2 ዙርባ» ተብሎ ከተጻፈ የጫት ሽያጩ ኮለም በሙሉ ጽሑፍ ይሆናል፣ ስታታ በቀይ ያሳየዋል። ሰዎች ቶሎ «ዲስትሪንግ» ከ«ፎርስ» ጋር ይጠቀማሉ። ፎርስ ያልገባውን ሁሉ ባዶ ያደርጋል፤ «2 ዙርባ» 2 አይሆንም፣ ይጠፋል። ፎርስን ከማዘዛችሁ በፊት በ«ሪል» ፈንክሽን ቁጥር መሆን ያልቻሉትን ረድፎች ብቻ ዘርዝሩና ዓይታችሁ አንድ በአንድ አርሟቸው። ብዙ ጊዜ ከአሥር አይበልጡም።

99 እና 999 ለ«አልተመለሰም» የቆሙ ከሆነ ልክ እንደገቡ በ«ኤምቪ ዲኮድ» ወደ ባዶ ለውጧቸው፣ አለዚያ የ99 ዓመት ሽማግሌ ሆነው አማካዩን ይጎትቱታል። ስታታ ባዶን ከቁጥር ሁሉ እንደሚበልጥ አድርጎ እንደሚቆጥርም አትርሱ፦ «ገቢው ከ5000 የሚበልጥ» ስትሉ ገቢውን ያልተናገረውም ሰው አብሮ ይገባል።

የእኛ ቀን

ይህ ከውጭ በመጡ መማሪያዎች ላይ አይገኝም። ጠያቂው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር 12/05/2016 ብሎ ጻፈ፣ ጥር 12 ማለቱ ነው። «ዴት» የሚለው ፈንክሽን ያለ ምንም ተቃውሞ ሜይ 12፣ 2016 ያደርገዋል። ትክክለኛው ግን ጃንዋሪ 21፣ 2024 ነበር። ጥቅምት 30 ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ባዶ ይሆናል፣ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሌላቸው ባዶ ይሆናል። እንዲያውም ባዶ የሆኑት ይሻላሉ፣ ቢያንስ ይታያሉ።

ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ የቁጥር ኮለም ያዙ፣ ከዚያ ለስታታ ይህን ስጡት (ፍሎር ማለት ክፍልፋዩን ጥሎ ሙሉውን ቁጥር መያዝ ነው)፦

365 × ዓመት + ፍሎር(ዓመት ÷ 4) + 30 × ወር + ቀን − 713110

የሚወጣው ስታታ ቀን የሚቆጥርበት ቁጥር ነው፣ ከጃንዋሪ 1፣ 1960 ጀምሮ ያለው የቀን ብዛት። በቀን ፎርማት ስታሳዩት የፈረንጅ ቀኑ ይታያል። መፈተኛ፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ብታስገቡ 23265 መውጣት አለበት፣ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ማለት ነው። ሌላ ቁጥር ከወጣ ስትገለብጡት ተሳስታችኋል። አር የሚቆጥረው ከ1970 ስለሆነ የመጨረሻውን ቁጥር 716763 አድርጉት። ኤስፒኤስኤስ ከኦክቶበር 14፣ 1582 ጀምሮ በሰከንድ ነው የሚቆጥረው፤ የሚቀነሰውን 575335 አድርጋችሁ ጠቅላላውን በ86400 አባዙ፣ በፍሎር ፈንታም ትራንክ ተጠቀሙ። የጳጉሜን 6ም ስሌቱ ራሱ ይይዛታል።

ሰዓትም ላይ ያው ነው፤ ታብሌቱ በራሱ የሚመዘግበው የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ጠያቂው በእጁ የሚሞላው ግን የእኛ ነው። ስድስት ሰዓት ይለያያሉ።

ከኮቦ የወጣ ፋይል

ኮቦ (መጠይቅ በታብሌት የሚሰበሰብበት መሣሪያ) ላይ ሰብስባችሁ ሲኤስቪ ካወረዳችሁና ስታታ ሁሉንም በአንድ ኮለም ካጎረው መለያው ኮማ ሳይሆን ነጠላ ሰረዝ ላይ ነጥብ ያለበት የላቲኑ ምልክት ስለሆነ ነው፤ «ዴሊሚተርስ» በሚለው አማራጭ ንገሩት። የእኛ ነጠላ ሰረዝ «፣» ግን ለሲኤስቪ ተራ ፊደል ናት፣ አትከፍልም። የቤተሰብ አባላትን በመደጋገሚያ ክፍል ሰብስባችሁ ከሆነ ሲኤስቪውን ተዉትና ኤክስኤልኤስ አውርዱ፤ አባላቱ የሚገኙት ለብቻቸው በሌላ ሺት ላይ ነው። ሁለቱን ሺቶች በየራሳቸው «ኢምፖርት ኤክሴል» አንብባችሁ የአባላቱን «ፓረንት ኢንዴክስ» ከቤተሰቡ «ኢንዴክስ» ጋር ብዙ ለአንድ በሆነ «መርጅ» አገናኟቸው። ብዙ ለብዙ የሚባለውን «መርጅ» ፈጽሞ አትንኩት፤ ረድፎቹን እንደተሰለፉ ነው የሚያጣምራቸው። ስታታ ከ32 ፊደል የሚረዝም የቫሪያብል ስም ስለማይቀበል በክፍል ውስጥ ክፍል የሠራችሁበት ረጅም ስም ተቆርጦ ይገባል፣ ስማቸውን ቀድማችሁ አሳጥሩ።

ሁለት ፋይል ሲቀጠል

አንድ ጓደኛ ሐረርና ድሬዳዋን፣ ሌላው ባቢሌንና ድሬዳዋን ሰብስበዋል እንበል። ሁለቱም በየፋይላቸው የከተማውን ስም በ«ኢንኮድ» ወደ ቁጥር ቀየሩ። ኢንኮድ በፊደል ተራ ነው ቁጥር የሚሰጠው፤ በመጀመሪያው ፋይል 1 ሐረር፣ 2 ድሬዳዋ ሆነ፤ በሁለተኛው 1 ባቢሌ፣ 2 ድሬዳዋ ሆነ። «አፔንድ» ሲደረግ ስታታ ቀድሞ የተከፈተውን ፋይል ሌብል ይይዛል። የባቢሌ ሰዎች በሙሉ የሐረር ሰው ሆኑ። ድሬዳዋ በአጋጣሚ ስለገጠመ ሰንጠረዡ ጤናማ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ በጽሑፍነታቸው ቀጥሉ፣ ኢንኮድ የሚደረገው ከተቀጠሉ በኋላ አንድ ጊዜ ነው።

ሲወጣ

«ኤክስፖርት ዴሊሚትድ» ካልተነገረው በቀር በኮዱ ፈንታ ሌብሉን ይጽፋል፤ ተቀባዩ ኮዱን የሚፈልግ ከሆነ «ኖ ሌብል» ጨምሩ፣ የኮዱንም መፍቻ አብራችሁ ላኩ። አር ሲኤስቪ ሲጽፍ ለባዶ ቦታ ሁለት የላቲን ፊደል ያስቀምጣል፣ ያንን ስታታ ሲያነበው የቁጥር ኮለሙ ጽሑፍ ይሆናል፤ «ራይት ሲኤስቪ» ላይ የ«ኤንኤ»ን ምትክ ባዶ አድርጉት። ሲኤስቪን ማለፍ ሳያስፈልግም ይቻላል፦ የአሩ «ሄቨን» ፓኬጅ የስታታንም የኤስፒኤስኤስንም ፋይል ከነሌብሉ ያነባል፣ ይጽፋልም። ስታታም ከ16 ጀምሮ «ኢምፖርት ኤስፒኤስኤስ» አለው።

ከመላካችሁ በፊት የጻፋችሁትን ሲኤስቪ መልሳችሁ አንብቡትና ጊዜያዊ ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከዚያ የመጀመሪያውን ክፈቱ፣ በሁለቱም ውስጥ ረድፎቹን በመለያ ቁጥር «ሶርት» አድርጉ፣ «ሲኤፍ» በሚለው ትዕዛዝ አነጻጽሩ። የትኛው ቫሪያብል ስንት ቦታ ላይ እንደተለየ በስም ይዘረዝራል። የረድፉ ብዛትም በእጃችሁ ካለው የወረቀት መጠይቅ ወይም ኮቦ ላይ ከሚታየው ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ «አሰርት» ብላችሁ ቁጥሩን ዱ ፋይሉ ውስጥ ጻፉት፣ አንድ ረድፍ ቢጎድል ሥራው እዚያው ይቆማል።